አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት እንትን

የበርና መስኮት ማምረቻ ድርጅት፣ የአዲሱ ሲስተም አስተግባሪ ኮሚቴ፣ ሰባተኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወር በገባ በዘጠኝ
ቦታ፦ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ያለው ጠባቡ ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8:00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 8:35 (የክፍሉ ቁልፍ ከሌሎች ቁልፎች መሀል ተፈልጎ እስኪገኝ)

የተገኙ፦
1. ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ
2. የምርት ክፍል ኃላፊው፣ በተለምዶ «ጥድፊያ» የሚባሉት፣ አባል
3. የግምጃ ቤት ኃላፊዋ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ አባል
4. ሲስተሙን ካቀረበልን ድርጅት የተላኩት ባለሙያ፣ አስረጂ
5. የመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ጽሕፈቱ ስለሚነበብ ብቻ የተመረጠ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ የአናጺዎች ተወካይ። ምክንያት፦ ከግምጃ ቤት እንትን ስለሚጠብቅ።

ከስድስቱ አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ስብሰባውን የከፈቱት ወደ ጸሐፊው ዞረው «እንትን፣ በል ጻፍ» በማለት ነው። ጸሐፊው በዚህ ድርጅት ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል፤ ስምም አለው።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ግምጃ ቤቱን፣ ምርቱን፣ ሽያጩንና የሠራተኛውን ጉዳይ በአንድ ኮምፒዩተር የሚያስተሳስረው ሲስተም «ሰኞ ሥራ ይጀምራል» ተብሎ መወሰኑ ተነበበ። ጥድፊያ ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰኞ ማለፉን ጠቅሰው የትኛው ሰኞ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ውሳኔው ስለ ሰኞ እንጂ ስለ ቀን አለመሆኑን አስረዱ። ቃለ ጉባኤው እንዳለ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ የዕቃዎች ስም

ባለሙያዋ፣ ከሁሉ በፊት ለአንድ ዕቃ አንድ ስም ሊሰጠው እንደሚገባ፣ ይህን ዘለው ወደ ሲስተሙ የሮጡ ሁሉ መሀል መንገድ ላይ እንደቀሩ ገለጹ። ቀጥለውም ከግምጃ ቤቱ ካርዶች የተገለበጠውን ዝርዝር በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳዩ። ከዕቃዎቹ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ የተመዘገቡት «እንትን» ተብለው ነው። ለአብነት፦ «ትልቁ እንትን»፣ «እንትን፣ የድሮው»፣ «የእንትን እንትን»፣ «እንትን የሚመስለው ግን ያልሆነው»።

እትዬ ሳይደናገጡ መልስ ሰጡ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው መስኮታቸው ላይ መጥቶ እንትን ስጡኝ ሲል እንደሰጡት፣ አንድም ሰው ይሄ አይደለም ብሎ እንዳልመለሰ አስታወሱ።

በዚህ መሀል የአናጺዎቹ ተወካይ በሩን ከፈተና «እትዬ፣ እንትን አልቆብን ቆመናል» አለ።

«የትናንቱ ነው ወይስ ያ የሚንቀጫቀጨው?»

«የሚንቀጫቀጨው።»

እትዬ ወጥተው፣ ሰጥተው፣ በሁለት ደቂቃ ተመለሱ። የሰጡት ዕቃ ምን እንደሚባል ባለሙያዋ ሲጠይቋቸው እትዬ «ምኑ?» አሉ።

ጥድፊያ፣ ለአንድ ማሽን ሲባል የሠራተኛው አፍ ሊለወጥ እንደማይችል፣ መልመድ ያለበት ማሽኑ እንደሆነ ተናግረው ሲስተሙ «እንትን» የሚለውን ቃል በማንኛውም ሳጥን ውስጥ ያለ ጥያቄ እንዲቀበል ሐሳብ አቀረቡ። ባለሙያዋ፣ አዲሱን ሲስተም በድሮው ልማድ ልክ ካጣመምነው አንድ ቀን የማይሆን ነገር በማይሆን ሳጥን እንደሚገባና የሚያስቆመው እንደማይኖር አስጠነቀቁ። ሰብሳቢው ማስጠንቀቂያው እንዲመዘገብ፣ ግን እንዳይታሰብበት አዘዙ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የጥድፊያ ሐሳብ ጸደቀ። ባለሙያዋም ጥርሳቸውን ነክሰው እዚያው ማስተካከያውን ሠሩ።

አጀንዳ 3፦ ሥልጠና

በሲስተሙ የሚሠሩት ሰዎች ከሥራ መነሳት ስላልቻሉ የሦስቱን ቀን ሥልጠና የወሰዱት ሰብሳቢውና ሾፌራቸው መሆናቸው ሪፖርት ተደረገ። ሾፌሩ በጥሩ ውጤት አልፈዋል። የሠለጠነው ያልሠለጠነውን ኮሪደር ላይ ባገኘው ቁጥር እንዲያስረዳ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

እትዬ የዓመት ፈቃድ ጥያቄያቸውን በድጋሚ አቀረቡ። የትኛው እንትን የትኛው እንደሆነ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ አሥራ አንድ ዓመት ፈቃድ አልወጡም። አሁን ሌላ ከተማ ያለችው ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው፤ ሐኪሙ ከዚህ ሳምንት አያልፍም ብሏል። የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳው 11:00 ሰዓት ላይ ነው።

«ልጄ ብቻዋን ናት» አሉ እትዬ። «ሲስተሙ ሲጀምር ትሄጃለሽ ተብዬ ሦስት ሰኞ ጠበቅኩ። ሆድ ደግሞ ሰኞ አይጠብቅም።»

ሰብሳቢው ማዘናቸውን ገልጸው ጉዳዩ ሲስተሙ ሥራ ሲጀምር እንደሚታይ ተናገሩ። ጸሐፊው አሥራ አንድ ዓመት ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረ። የጸሐፊ ስሜት ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንደማይገባ ያውቃል፤ ገብቷል።

ሰብሳቢው ወሬውን ለመቀየር ብለው ባለሙያዋ ከሲስተሙ የሚሠራ ነገር ካለ እንዲያሳዩ ጠየቁ። ባለሙያዋ የፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ለሥራ ዝግጁ መሆኑን ገልጸው፣ ለማሳያ ያህል የእትዬን ሞሉት። የቀን ብዛት፦ ስልሳ። ምክንያት፦ ልጄን ላርስ። «ተተኪ» የሚለው ሳጥን ጋ ሲደርሱ ሲስተሙ ባዶውን አላልፍም አለ።

«ተተኪዬማ እንትን ነው» አሉ እትዬ። ይህን ሲሉ የተመለከቱት ወደ መስኮቱ ይሁን ወደ ጸሐፊው አልተረጋገጠም።

ባለሙያዋ እንደተባሉት ጻፉ። ሲስተሙ በአጀንዳ 2 ውሳኔ መሠረት ተቀበለ። «አጽድቅ» የሚለውን እንዲጫኑ ክብሩ ለሰብሳቢው ተሰጠ፤ ተጫኑ። ግድግዳው ላይ «ፈቃድዎ ጸድቋል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። ተጨበጨበ። ረጅሙን ያጨበጨቡት ጥድፊያ ናቸው።

እትዬ አመስግነው ተነሱ። ምንም ምልክት የሌላቸውን ሃያ ሦስት ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ አኑረው ከወንበራቸው ሥር የታሸገ ቦርሳ አወጡ።

ሰብሳቢው ይህ ሙከራ ብቻ መሆኑን አሳሰቡ። ባለሙያዋ የሙከራ ሲስተም ለብቻው እንዲኖር በአራተኛው ስብሰባ ጠይቀው «በራሳችን አንተማመንም እንዴ?» ተብሎ ውድቅ መደረጉን፣ ስለዚህ የተጫኑት ሁሉ የእውነት መሆኑን አስታወሱ። የጸደቀ ፈቃድ ሊሰርዝ የሚችለውም ጠያቂው ብቻ ነው አሉ። ጠያቂዋ በሩ ላይ ነበሩ። ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብለው የተናገሩት ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦

«እንትኑን ከጠየቀህ እንትን ላይ ነው ያለው። ያኛውን እንትን እንዳትሰጠው፤ ይሰበራል።»

ወዲያው የአናጺዎቹ ተወካይ ተመልሶ መጣና ሌላ እንትን ጠየቀ። ሰብሳቢው ቁልፎቹን አዩ፣ ጥድፊያን አዩ፣ በመጨረሻም «እንትን፣ በል ቁልፉን ያዝና ስጠው» አሉ። ባለሙያዋ ግድግዳው ላይ ያለውን የተተኪ ስም አንብበው በሲስተሙ በኩል ተቃውሞ እንደሌለ አረጋገጡ።

ጸሐፊው ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠው ከእትዬ መስኮት ጎን ነው። ሄደ፤ ሰጠ። ዕቃው አልተመለሰም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከአጭር ድንጋጤ በኋላ በዚህ ስብሰባ የተወሰኑት ሁሉ ተሽረዋል፤ ሲስተሙ እስከ ሌላ ሰኞ ተዘግቶ ወደ ካርድ እንመለሳለን። የእትዬ ፈቃድም አብሮ እንዲሻር ተወስኖ ነበር፤ ሲስተሙ እምቢ ብሏል።

ስብሰባው 10:40 ላይ ተነሥቷል። ከመስኮቱ እንደታየው በዚያ ሰዓት እትዬ አስፋልቱን ተሻግረው ነበር። ጸሐፊው ደስ ብሎታል።

ቃለ ጉባኤውን የያዘው፦ እንትን
የግምጃ ቤት ተጠባባቂ ኃላፊ