ቃላት የተቀመጡበት በረንዳ

በየከተማው ከባድ እንግሊዝኛ የሚያጠና አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ውስጥ ጉልበቱ ከጉልበታችሁ ጋር እየተጋጨ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሰላም ስትሉት ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ "አቤት?" ይላል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ድንኳኑን ሽቅብ እያየ ራሱን ስለሚነቀንቅ፣ ከሁሉ የበለጠ ያዘነ እሱ ይመስላል።

ሶዶ ውስጥ ይህ ማዕረግ የክቡር አቶ ጌታነህ ነው። የገሱባ ልጅ ነው፤ ሥራው ግብርና ቢሮ፣ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ወይዘሮ አስናቀች ግን ይህን አታውቅም ነበር። የምታውቀው፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው ሱቋ ፊት በቀን ሁለት ጊዜ የሚቆም፣ በረንዳዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቃኝ፣ የሚያጉተመትምና ትንሽ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው መኖሩን ብቻ ነው።

በረንዳው ደግሞ ፈቃድ የለውም። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ አንድ ሸራ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፤ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ እግረኛ መንገዱ ወጥቷል። የምትኖረው ግን በእሱ ነው። ውስጥ የተደረደረውን ሳሙና ማንም ገብቶ አያይም፤ ውጭ የተንጠለጠለውን ሙዝ ግን ከቦዲቲ የመጣ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ማዘጋጃ ቤት መንገድ ላይ የወጣ በረንዳ ሊያስነሳ ነው የሚል ወሬ ከተሰማ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

"መሐንዲስ ነው" አለችው ጎረቤቷን ፀጉር አስተካካዩን ታምራትን።

"ሜትር የለውማ።"

"በዓይኑ ነዋ የሚለካው! የተማሩት እንደዚያ ናቸው።"

"ምናልባት አንቺን ወዶ ይሆናል።"

"መጀመሪያ የራስህን አፍ ላጨው!"

ማስረጃ መሰብሰብ ጀመረች። አንድ ቀን ሰውየው ሙዝ ሊገዛ መጣ። ፊት ለፊት ከተሰቀለው ልትቆርጥለት ስትል "ኧረ እሱን አይንኩት! ከወዲያኛው ይሁን" ብሎ ጮኸ። ሌላ ቀን ሁልጊዜ የምትቀመጥባትን ዱካ ወደ ውስጥ አስገባችና ጠበቀችው። መጣ፤ ቆመ፤ ተጨነቀ።

"እትዬ፣ ዱካዋ የት ሄደች?"

"ዱካዬ ምን አገባህ?"

"አይ፣ እንዲሁ ነው" ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ንጹሕ ሰው የሌላ ሰው ዱካ አይፈልግም። ነገሩ አለቀ።

ሰኞ ዕለት በረንዳውን ነቀለችው። ሸራው ተጠቀለለ፤ አግዳሚው፣ ሙዙ፣ የቃሪያ ዳጣው ጠርሙሶች ሁሉ ገቡ። ማክሰኞ ጠዋት ጌታነህ መጥቶ ባዶውን መንገድ ሲያይ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ፤ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ገባ።

"እትዬ አስናቀች፣ ጉድ አደረጉኝ!"

"በረንዳ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ጻፍ!"

"የምን በረንዳ? ቅዳሜ ሐዋሳ ፈተና አለብኝ እኮ!"

ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ለውጭ ትምህርት ዕድል ሁለት ጊዜ ተፈትኖ በእንግሊዝኛ ቃላት ወድቋል፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በኋላ ዕድሜው አይፈቅድለትም። ቃላቱን ከወረቀት ሲያጠና ሌሊቱን በነው ያድራሉ። ስለዚህ ዘዴ ዘየደ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀውን መንገድ ይመርጣል፤ እያንዳንዱን ቃል ትርጉሙን በሚመስል ዕቃ ላይ ያስቀምጣል፤ በቀን ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ ዕቃዎቹን እያየ ያጸናቸዋል፤ ፈተናው ላይ በሐሳቡ መንገዱን እየሄደ አንድ በአንድ ያነሳቸዋል።

የአስናቀች ልጅ ሶሲ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብተሩን ተቀብላ ታነብ ጀመር። ገመዱ የሳሳው ሙዝ ላይ "ፕሪኬሪየስ" ተንጠልጥሏል፤ ለመውደቅ አንድ ሐሙስ የቀረው ማለት ነው። ዳጣው ላይ "ፓንጀንት" ተቀምጧል፤ ሳይቀምሱት አፍንጫ የሚሰነፍጥ። እግሯ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረችው ዱካ ላይ "ሪዚሊየንት"፤ ተጎድቶም የሚቆም።

"እዚህ በረንዳ ላይ ብቻ ሠላሳ አንድ ቃል ነበር" አለ ጌታነህ።

"ታምራት ጋ ውሰዳቸዋ" አለች አስናቀች።

"በአራት ቀን? እነዚህን ለማስቀመጥ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል!"

"እማ፣ አንቺም አለሽበት" አለች ሶሲ።

አስናቀች እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ምን ይላል?"

"ሰርከምስፔክት።"

"ስድብ ነው?"

"ዙሪያውን ሳያይ አንድ እርምጃ የማይራመድ፣ ጥንቁቅ።"

አስናቀች አላመነችም። ትርጉሙን ሶሲን በስልኳ ሁለት ጊዜ አስፈተሸቻት። ሁለቴም ያው ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት በረንዳው ተመልሶ ቆመ። ክቡርነታቸው መንገዱ ላይ ቆመው "ጠርሙሶቹ ትንሽ ወደ ግራ... እንደሱ!" እያሉ አስተካከሉ። ፊት ለፊት ያለው ሙዝ ጠቁሮ ዝንብ ቢወረውም አልተነሳም። ደንበኛ ሲጠይቃት "እሱ አይሸጥም፤ ሥራ ላይ ነው" ትላለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ታምራት ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን ላጭቶ ትቶት እየሮጠ መጣ። "መጡ! የእውነት ሜትር ይዘው መጡ! ቶሎ አስገቢው!"

ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሜትር፣ አንዱ ቀይ ቀለም ይዟል። ገና አራት ሱቅ ይቀራቸዋል። ሰኞ በረንዳውን ለመንቀል አሥር ደቂቃ ነበር የፈጀባት። አስናቀች አንዱን ቋሚ ያዘች። ያኔ ከላይ በኩል ጌታነህ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለመጨረሻ ጊዜ መንገዱን ሲወርድ አየችው።

ቋሚውን ለቀቀችና ዱካዋ ላይ ተቀመጠች።

"እናቴ፣ ይህ በረንዳ የማን ነው?" አለ ሜትር የያዘው።

"የኔ ነው።"

"ፈቃድ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያው ይነሳል።"

"ይነሳል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በገዛ እጄ አነሳዋለሁ። እስከዚያ ግን ከዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትነኩ።"

ሰዎቹ የጠቆረውን ሙዝ አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ።

"ለምን?"

አስናቀች ግራና ቀኝ አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ፈተና አለብን።"