ለብረቱ ካልሆነ ማን ይገዛታል?

ገፋን፣ ገፋን፣ ጋሽ ሽብሩ አልነሳ አሉ። "ትንሽ ነው ኪሩዬ፣ ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ እነሳለሁ" ይሉኛል። እኔ ከኋላ ወገባቸውን ይዤ እገፋለሁ፣ ከጎኔ ደግሞ ውሃ ሰማያዊዋ ቮልሳቸው በፓራውልቷ ትገፋለች። ትናንት ማታ በሕልሜ ነው። በሕልም ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ምንም አይገርምም። እኔን የገረመኝ ቮልሷ ላብ በላብ መሆኗ ብቻ ነው።

ጋሽ ሽብሩ የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ጉለሌ ነው የሚኖሩት። እናቴን እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት በዚችው ቮልስ ነው ሆስፒታል ያደረሷት። የኋላ ወንበሯ ላይ ልወለድ ትንሽ ነው የቀረኝ። ይቺን ያዙልኝ።

ብቻ እየገፋን ቢሮዬ ደረስን። ሊፍቱ አሥረኛ ፎቅ ለመድረስ ወደ ታች ወረደ። ዘበኛው የሚገባውን ትቶ የሚወጣውን ይፈትሻል። ትልቁ ደንበኛችን አቶ ፋንታሁን ደረታቸው ላይ ታርጋ ተለጥፎባቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፣ አንዲት ሚኒባስ በስፖንጅ ታጥባቸዋለች።

"ምነው አቶ ፋንታሁን?"

"ዝም በል፣ ጆሮዬ ውስጥ ሳሙና ገብቷል!"

ሥራዬን ልንገራችሁ፣ ካልሆነ አይገባችሁም። ሕንፃውም፣ መሬቱም፣ ወርቁም ያላቸው ቤተሰቦች "ደግሞ ገንዘባችንን ምን ላይ እናድርገው?" እያሉ ይመጣሉ። እኛ "አማራጭ ሀብት" እንላቸዋለን። ሥዕል በሉት፣ የድሮ ሰዓት በሉት፣ የድሮ መኪና በሉት። ዕቃውን ፈልጎ የሚያገኘው እኔ ነኝ። አገኝና ባለቤቱ ፊት አጣጥለዋለሁ፣ ደንበኛው ፊት ደግሞ አወድሰዋለሁ። ያው የደላላ ሥራ ነው፤ ክራቫት ስላሰርኩ "አማካሪ" ተባልኩ እንጂ።

ስብሰባው ክፍል ስገባ ደንበኞቹ ቮልሶች ናቸው። ሙሉ ቤተሰብ! አያት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ጠረጴዛውን ከበው በብርጭቆ ቤንዚን ይጠጣሉ።

"ወርቅ ገዛን፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል" አሉ አሮጊቷ ቮልስ። "ሕንፃ ገዛን፣ ተከራዩ ይጨቀጭቀናል። እስቲ አንተ የተማርከው ልጅ፣ ምን ይሻለናል?"

"ሽማግሌ ግዙ" አልኳቸው።

"ሽማግሌ?"

"አዎ እማማ! እንደነዚህ ዓይነቶቹ ከእንግዲህ አይሠሩም። በየዓመቱ እያለቁ ነው፣ ሲያልቁ ደግሞ ይወደዳሉ።"

"እና ምን ይሠሩልናል?"

"ምንም። ሸራ አልብሳችሁ ታቆሟቸዋላችሁ። ፀሐይ እንዳይነካቸው። ሰውም ባያዋራቸው ይመረጣል።"

ቤተሰቡ መብራቱን አብርቶ አጠፋ፣ ደስ ሲላቸው እንደዛ ነው የሚያደርጉት። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሞቅ ብሎኝ ነበር። ዞር ስል ጋሽ ሽብሩ መሀል ቤት ቆመዋል፣ አንዱ የልጅ ልጅ ጀርባቸውን ያንኳኳል።

"ሞተራቸው ከኋላ አይደል እንዴ?" አለ።

"ባለቤታቸው ማነው?" አሉ አሮጊቷ።

"እኔ ነኝ" አለች ውሃ ሰማያዊዋ ቮልስ ከጥግ። "አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። አልሸጥም።"

አሮጊቷ ወደኔ ጠጋ ብለው "እስቲ አጣጥልልን" አሉ።

አፌ ለምዶታል፣ ምን ላድርግ? ጀመርኩ። "አይ፣ እሳቸውማ አብቅቶላቸዋል። ጉልበታቸው የለም። ጠዋት ጠዋት ሳያስሉ አይነሱም። መለዋወጫም አይገኝላቸው። ለብረቱ ካልሆነ ማን ይገዛቸዋል?"

ጋሽ ሽብሩ ይቆጡኛል ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነው ልጄ። ጥርሴንም ንገራቸው እንጂ፣ ሁለቱ የኔ አይደሉም። ሰው ገዝቶ እንዳይከስር።"

ቮልሷ ግን አየችኝ። "ይሄን ነገር የት ነው የሰማሁት?" አለች።

ሁሉም የፊት መብራታቸውን ፊቴ ላይ አበሩት።

የት እንደሰማችው እኔ አውቃለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ጉለሌ፣ የጋሽ ሽብሩ ግቢ። ሕልም አይደለም ይሄኛው። እጄን ኮፈኗ ላይ አድርጌ፣ "ጋሼ፣ ለብረቱ ካልሆነ ማን ይገዛታል? አንድ ሰው አለ፣ ለኔ ብሎ ይወስድልዎታል" አልኳቸው። ሰውየው አቶ ፋንታሁን ናቸው። አንድም ጊዜ ቀለም ያልተቀየረላት ቮልስ ስፈልግላቸው ዓመት ሆኖኛል። ለጋሽ ሽብሩ የብረት ዋጋ ሰጠኋቸው። አቶ ፋንታሁን ከከፈሉኝ በተረፈኝ ስልክ ገዛሁ።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። ፊቴ ተቃጠለ። የምገባበት ሳጣ ለጋሽ ሽብሩ የመጣውን ሸራ ስቤ ራሴ ላይ ጣልኩት። ከሸራው ውጪ ያወራሉ።

"ይሄኛውስ?"

"ይሄማ አዲስ ነው። ገና ሳይነዳ ዝጓል።"

"ለብረቱስ?"

"ለብረቱም አይሆን።"

ከዛ ሁሉም አንድ ላይ ክላክስ ነፉ፣ ነፉ፣ ነፉ፣ ነቃሁ። ክላክስ አይደለም፣ የቤቴ ደወል ነው። በፒጃማዬ ሄጄ ከፈትኩ።

ጋሽ ሽብሩ! በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው።

"በሁለት ታክሲ መጣሁልህ" አሉ እየተነፈሱ። "አልጋ ሥር አገኘሁት። የቮልሷ ክሪክ፣ መፍቻዎቿ፣ ስትገዛ አብሯት የመጣው ደብተር፣ ሁሉም አለ። ሰውየው ለብረት ቢወስዳትም ንብረቱ ነው። ስጥልኝ። በኋላ 'የኪሩቤል ዘመዶች ዕቃ ያስቀራሉ' ብሎ አንተን ሌባ እንዳይልህ።"

አቶ ፋንታሁን ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቀጭቁኝ የነበረው ይሄንኑ ነው። "የራሷ መፍቻና ደብተሯ ከተገኘ የዋጋዋን ግማሽ እጨምርልሃለሁ" ብለዋል።

አስገባኋቸው፣ ሻይ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፉት አሉ።

"ኪሩዬ፣ ያን ቆርቆሮ ስለገላገልከኝ እግዜር ይስጥህ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ሳይቆራርጧት በፊት አንዴ ብትወስደኝና ባያት? አትነሳም አውቃለሁ። ገብቼ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው።"

ቮልሷ ከቤቴ አሥር ደቂቃ ቦታ፣ አቶ ፋንታሁን ጋራዥ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ትናንት ቁልፏ አንዴ ሲዞር ነው የተነሳችው።

አዲሱ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። አቶ ፋንታሁን።

"አንሳው እንጂ ልጄ፣ ሥራ ይሆናል" አሉኝ ጋሽ ሽብሩ፣ ስልኩን ራሳቸው አንስተው እየሰጡኝ።

እስካሁን እየጮኸ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?