የጋሽ ሰይዶ ርቀት

«ስንት ቀረን?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን የሚናገር ሰው ከቡኢ እስከ ወልቂጤ አልተወለደም። ሁሉም «እዚችው ናት» ይላል። የሁሉም አለቃ ደግሞ የነዒማ ጎረቤት፣ ክቡር የርቀት ሊቅ ጋሽ ሰይዶ ናቸው።

ነዒማ ቡታጅራ ውስጥ እሳቸው ያላሳሳቱት ሰው አታውቅም። ከአረቅጥ የመጡ የሠርግ አጃቢዎችን «እዚችው ናት» ብለው በእግር ሰደዷቸው፤ ሙሽሪት ቤት ሲደርሱ ምሳው አልቆ ነበር። መኪና ለሚጠብቅ ሰው «መጣ፣ ቡኢን አልፏል» ይሉታል። ሚኒባሱ ገና አዲስ አበባ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራል።

ስለዚህ ያን እሁድ ጠዋት፣ ከተራራው ሥር ካለው ፓርክ በር ላይ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመው ስታያቸው ደሟ ፈላ። እናቷ እማማ ዘይባ ዓምና እግራቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ ሐኪሙም «ይራመዱ» ብሏል። እሳቸው ግን ስምንት ወር ሙሉ ከደጃፋቸው ፈቀቅ አላሉም። ነዒማ በስንት ልመና ያመጣቻቸው በሩ ላይ «ቀላል መንገድ፣ አርባ ደቂቃ» የሚል ሰሌዳ ስላለ ነው። መንገዱ ወንዙን ይዞ እስከ ፏፏቴው ይወጣል። እሷ ያሰበችው ግን እስከ መጀመሪያው ድልድይ ብቻ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም!» አሉ ጋሽ ሰይዶ፣ ማንም ሳይጋብዛቸው ቀድመው እየገቡ። «ዘይባ፣ ነይ እንጂ! እዚችው ናት፣ ከዛፏ ጀርባ።»

ከዛፏ ጀርባ ሌላ ዛፍ ነበር። እማማ ዘይባ ጥላው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ያቺውልሽ!» አሉ ሰውዬው በጃንጥላቸው ወደ ሦስተኛው ዛፍ እየጠቆሙ። ድልድዩንም አለፉት።

«ጋሽ ሰይዶ፣ ይተዉ!» ብላ ጮኸች ነዒማ። «እግሯ ቢያብጥ እርስዎ ነዎት የሚሸከሟት?»

«ምን ያሳብጠዋል? ደርሰናል'ኮ!»

አልደረሱም። አምስት ዛፍ፣ ስምንት ዛፍ አለፈ። ነዒማ ከኋላ እየተከተለች የምትናገረውን ስድብ አንድ በአንድ አዘጋጀች። ድንገት የውሃው ድምፅ በረታ። ፏፏቴው ፊት ለፊታቸው ነበር። እማማ ዘይባ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና እንደ ልጅ ሳቁ።

ነዒማ ተንበርክካ ቁርጭምጭሚታቸውን ዳበሰች። እብጠት ፈለገች፤ አጣች። ንዴቷ ማረፊያ አጣ።

«አንቺ አርባ ደቂቃ ስትዪኝ ፈራሁ» አሉ እናቷ። «እስከ አንድ ዛፍ ግን ማን ያቅተዋል?»

ነዒማ ብድግ ብላ ወደ ሰውዬው ዞረች። «ለመሆኑ ስንት እንደሆነ ያውቁታል? ወይስ ዝም ብለው ነው የሚናገሩት?»

ጋሽ ሰይዶ እማማ ዘይባ እንዳይሰሟቸው ጠጋ አሉ። «ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድሳ እርምጃ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ስትለምኛት በአጥር በኩል ሰምቼ፣ ሦስት ጠዋት ተመላልሼ ቆጠርኩት። ድንጋይ የሌለበት ዛፍ ሥርም መቀመጫ የሚሆናት ድንጋይ አንከባልዬ አኖርኩ። መመለሻው ቁልቁል ነው፣ አታስቢ።»

ነዒማ ያዘጋጀችውን ስድብ ሁሉ ዋጠችና ጣቷን ቀሰረችባቸው።

«የሚመጣው እሁድ» አለች ቁጣዋ ሳይበርድ፣ «በሁለት ሰዓት በራችን ላይ ይገኙ። ቢቀሩ አልለቅዎትም!»