የሽቦ አልጋው አንቴና

«አልጋውን ልታዩ ነው አይደል? ግቡ፣ ግቡ። ሽቦው ብቻ ነው ጣሪያ ላይ ያለው» አለች የሰዓት ሠሪው ሚስት። ሽቦ የሌለው አልጋ ምን ይሠራል ብላ ለሽያጭ ካወጣችው ሳምንት ሆኗታል፤ በሯ ላይ የቆሙት ሦስት ባለ ክራቫቶች ገዢ መስለዋታል።

ከሦስቱ አንዱ፣ በግል ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች ያቋቋሙት የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ግን ለአልጋ የሚንበረከኩ ሰው አልነበሩም። የመጡት ለታላቅ ጉዳይ ነው፤ ባሏ የአልጋውን ሽቦ ነቅሎ፣ ጣሪያ ላይ አቁሞ፣ ከሬዲዮው ጋር አገናኝቶ «አንቴና ነው» ማለቱ ስለተሰማ፣ አለመሥራቱን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኮሚቴውም ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ አለመሥራቱን በሙሉ ድምፅ አጽድቆ ጨርሷል። የቀረው ማየት ብቻ ነበር።

ሊቀ መንበሩ በሰፈሩ «መጽሐፉ» ይባላሉ። አንድ የአንቴና መጽሐፍ አላቸው። ሳያዩ ማመን ለምእመን ተሰጥቷል፤ እያዩ አለማመን ግን ለእሳቸው ነው የተሰጠው። የማኅበሩን ረጅም የአንቴና ምሰሶ በመጽሐፉ ልክ፣ አንዲት ጣት ሳያዛንፉ አስተክለዋል። በዚያ ምሰሶ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «የሚሰማኝ አለ?» ሲሉ ኖረዋል። የመለሰላቸው ከኮረብታው ማዶ የሚኖረው የማኅበሩ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ እሱም በስልክ ደውሎ።

ሰዓት ሠሪው ወደ ሬዲዮው ጠጋ አለ። ኮሚቴው «አይሠራም» ካለ የአባልነት ደብተሩ ይነጠቃል፤ ያለ ደብተር ሬዲዮ መክፈት የለም። ሩቅ ደሴት ላይ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን መብራት የሚጠብቀውን ታናሽ ወንድሙን ደግሞ የሚያገኘው በዚህችው ሽቦ ነው።

«አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ጌታዬ፤ ወንድሜ በዚህ ሰዓት ይጠብቀኛል። አንዴ ብቻ ስሙት» አለ።

«መስማት የኮሚቴው ሥራ አይደለም» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ መጽሐፉን እየገለጡ። «አልጋ የሚል ገጽ የለም።»

ገጹን ሲፈልጉ በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሰዓቶች በየተራ አሥር አሉ። ሰዓት ሠሪው ተጣራ።

«ጋሼ፣ ጥርት አድርጌ እሰማሃለሁ» አለ ከባሕር ማዶ የመጣ ድምፅ። «እናንተ ደህና ናችሁ?»

ሰዓት ሠሪው ደህንነታቸውን ነግሮ፣ የከተማው ማኅበር ሽማግሌዎች አጠገቡ መቀመጣቸውንም ጨመረለት።

«እዚያ ማኅበር አለ እንዴ? ካንተ በቀር አንድም ሰው ሰምቼ አላውቅም።»

 ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቃለ ጉባኤ አስያዙ፦ «ድምፁ ተሰምቷል፤ ይሁን እንጂ አንቴናው አለመሥራቱ ተረጋግጧል። ድምፁ በምን እንደመጣ ወደፊት ይጣራል፤ እስኪጣራ ደብተሩ ከሰዓት ሠሪው ዘንድ ይቆይ።»

 ሁለቱ አባላት ወጡ። ሊቀ መንበሩ ጫማ የሚያስሩ መስለው ወደኋላ ቀሩና፣ ግራ ቀኝ ገልመጥ አድርገው፣ ሚስትየዋን በሹክሹክታ ጠየቋት።

«ለመሆኑ፣ እህቴ፣ እንደዚህኛው ያለ ሌላ አልጋ ይኖራችኋል?»

«አለን» አለች በሩን እንደያዘች። «መጽሐፉ ላይ ግን የለም።»