የክብርት ወይዘሮ ተናኘወርቅ የግል ንብረት

«የኔ ነው» የማትል ሚስት ያለችው ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ እኔ ግን አላምነውም። ከወደራ እስከ አሬሮ ብትሄዱ ንብረቷን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ ሴት በየግቢው አለች። የሁሉም አለቃ ግን እዚሁ ነጌሌ ናት። ክብርት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ትባላለች፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሚስቴም ናት።

ስንጋባ ሽማግሌዎች ፊት የጋብቻ ውል ጻፍን። የኔ የግል ንብረት በሁለት መስመር አለቀ፤ ከአባቴ የወረስኩት ቤትና አንድ ብርድ ልብስ። የሷ ሦስት ገጽ ሞላ፤ ቤቷ፣ የስፌት መኪናዋ፣ ላሟ፣ በርጩማዋ፣ ክዳን የሌለው ድስት ሳይቀር። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ እሱን እንኳ ተይው» ቢሏት፣ «አባባ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ነው!» ብላ አስጻፈችው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ያልሰማሁበት ቀን የለም። በርጩማው ላይ ልቀመጥ ስል፣ «ቀስ በል ሞሉ! ከጋብቻ በፊት የነበረ ነው።» ላሟ በተጋባን በስድስተኛው ወር ወለደች። ጥጃዋ እንኳ የጋራችን ናት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ተናኝ ወሩን በጣቷ ቆጠረችና «ያረገዘችው መቼ ሆነና? ከጋብቻ በፊት!» አለች።

በስልሳ ሰባት ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ የተረፈው ለመንግሥት። እኛ ደግሞ ሁለት አለን፤ በኔ ቤት እንኖራለን፣ በሷ ቤት ትሰፋለች። ጎረቤታችን ባለሱቁ ዓብዱልባሲጥ መላ አመጣ። «ወላሂ ቀላል ነው! ለወረቀት ያህል ተፋቱ። አንተም ቤትህን፣ እሷም ቤቷን ትይዛላችሁ፤ ኑሯችሁ ያው እንደ ድሮው ነው።»

ለሌላው የወረቀት ፍቺ ቀልድ ይሆናል፤ ተናኝ ግን በወረቀት ቀልዳ አታውቅም። ከፈረመች ፈረመች ነው! ደግሞስ ለድስት ከሽማግሌ ጋር የተሟገተች ሴት ለኔ ብላ ቤት ታጣለች? ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድልህ አለኝ። እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ስፌቷን ትሰፋ ነበር።

በምዝገባው ቀን ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ዳዳቻ የሰፈራችን ልጅ ነው። «አካም፣ እትዬ ተናኝ! ናጋ?» ብሎ ሰላምታ ሰጣትና መዝገቡን ገለጠ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ተፋተናል ካሉኝ ሁለቱንም ቤት በየስማችሁ እጽፋለሁ። እንግዲህ ይንገሩኝ፤ እኚህ ሰውዬ ባልዎ ናቸው ወይስ አይደሉም?» አላት።

ተናኝ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ገበያ ላይ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታየው ነው ያየችኝ።

«ባሌ ነው» አለች። «የሱን ቤት ውሰዱ፤ እሱን ግን ተዉልኝ።»

የአባቴን ቤት አስረክቤ ከቀበሌው ስወጣ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ከደስታ ብዛት የምረግጠው መሬት አይታየኝም ነበር።