እንዲሰነጠቅ የተጸለየበት ክዳን

«ምን ከባድ አለው?» የሚል ባል የሌለበት ሰፈር የለም። ባለሙያ መጥራት ውርደት የሚመስለው፣ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ፈትቶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን የሚተርፈው ሰው ነው። የስደት ከተማችን የሬይኖልድስበርጉ ክቡር ኢንጂነር ቶሎሳ የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ኢንጂነር ያልናቸው እኛ ነን፤ የዕለት ሥራቸው ዌርሃውስ ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት መንዳት ነው።

ሳህን ማጠቢያውን ዲሽዋሸር ጠገኑ፤ ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንቱ፣ በውኃ ተሞላ። የመኪናውን ፍሬን ቀየሩ፤ ሚስታቸው ሮማን ወር ሙሉ በጎረቤት መኪና ቸርች ሄደች። ይህን ሁሉ ችላለች። ኮሮና መጥቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት ግን ክቡርነታቸው የቤታቸው ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። ባለ ሁለት ወንበር ነው።

«የግራው የኔ፣ የቀኙ ያንቺ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሮማን እንቅልፍ አጣች። የሚያስፈራት ሰማዩ አይደለም፤ የሚተርፈው ብሎን ነው። ጋራዡን በጠረገች ቁጥር ጎንበስ ብላ ወለሉን በእጇ ትዳብሳለች።

ሁለተኛው ዊንተር ሲገባ የቀረው ክዳኑ ብቻ ሆነ። ከወንበሮቹ በላይ የሚደፋ፣ እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ ነው፤ በልኩ ተቆርጦ ይገጠማል። በብርድ ከቆረጡት ይሰነጠቃል፤ ፋብሪካውም በወረርሽኙ የተነሳ ሌላ ቶሎ አይልክም። ክቡርነታቸው ይህን በየእራቱ ስለሚያስረዱ ሮማን በቃሏ ይዛዋለች። ክዳኑ ተሰነጠቀ ማለት በረራው ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ በረቡዕ የዙም ጸሎት ለመሪዋ ለእትዬ መብራት ርዕስ ሰጠች።

«አንድ ዕቃ አለ። ጌታ እንዲሰብረው ጸልዩልኝ።»

«የመተት ነገር ነው እንዴ ልጄ?»

«የቶሎሳ ነው።»

እህቶች ሌላ አልጠየቁም። ቤዝመንቱን ያውቁታል።

የመቁረጫው ቀን ውጭው በረዶ ነበር። «ሮሚ፣ ምን ከባድ አለው፣ ጫፉን ብቻ ያዢልኝ» አሏት፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጆሯቸውን ደፍነው መቁረጫ ማሽኑን አነሱ። ሮማን ክዳኑ እጇ ላይ ሲቀዘቅዝ ተሰማት። ዞር ብላ ብታይ የጋራዡ ማሞቂያ፣ ሂተሩ፣ ጠፍቷል። እሳቸው አላዩም። ዝም ብትል ጸሎቷ ተሰማ ማለት ነው።

ቀና ስትል እጃቸውን አየች። ማሽኑን የያዘው እጅ ወደ መቁረጫው መስመር ይጠጋል፣ ሳይነካ ይመለሳል፤ ደግሞ ይጠጋል፣ ደግሞ ይመለሳል። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ቶሎሳ ሲፈራ አይታ አታውቅም፤ አሁን ግን ፈርቷል፣ ከእሷም ብሶ።

«ቶሌ፣ ቆይ» አለች ትከሻውን ይዛ። «ሂተሩ ኦፍ ሆኗል። ይሰነጠቅብሃል።»

ወርዶ የነበረውን የመብራት ብሬከር መለሱት። እሷ ደግሞ የአልጋቸውን የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ አምጥታ ክዳኑን አለበሰችው፤ እስኪሞቅ ድረስ ሁለቱም አጠገቡ ቆመው ጠበቁ። ተቆረጠ፤ አልተሰነጠቀም። ሲገጠም ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያቀበለችው ሮማን ናት። የተረፈ አልነበረም። እሷ ግን ወለሉን ዳበሰች።

ረቡዕ ዕለት እትዬ መብራት «ሮማንዬ፣ ያ ዕቃ ተሰበረ?» አሏት።

«እሱን ጸሎት ተዉት፣ እትዬ።»

«ታዲያ በጸሎት ምን ብለን እንያዝልሽ?»

ሮማን ማይኩን ዘጋች፤ መልሳ ከፈተችው።

«ለጉዞ» አለች። «ሁለት ሰው ነን።»