ገመዱን ማን ይያዝ?

መጽሐፍ ውስጥ ያሉ ፍቅረኞች ወሬ ያበዛሉ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ከማቋረጤ በፊት አንድ ሁለቱን ተውሼ አንብቤያለሁ፤ ልባቸው የቆሰለ ሁለት ሰዎች ይገናኙና፣ ጨረቃ እያዩ «አምንሃለሁ»፣ «አምንሻለሁ» ሲባባሉ ያልቃል። እኛም ቆቦ ቆላው ላይ ጨረቃ አላነሰችንም። ግን ባል ሚስቱን ማመኑ የሚታወቀው ማሽላውን ቀብሮ ያኖረበትን ጉድጓድ ሲያሳያት ነው። ከዚያ በፊት ቢምል ቢገዘት ማን ይሰማዋል?

ጎረቤቴ እንድሪስ ዘሀራን ካገባ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ጉድጓዱን አላሳያትም ነበር። አትፍረዱበት። ዘምቶ ሳለ ሞተ ተብሎ ተለቀሰለት፤ እግሩን እየጎተተ ሲመጣ የቀድሞ ሚስቱ ጉድጓዱን አራግፋ ሌላ ቤት ገብታ አገኛት። (እሷስ ምን ታድርግ? ለሞተ ሰው እህል አይቀመጥለትም።) ዘሀራም ብትሆን የፊተኛው ባሏ «አሰብ ሠርቼ ልምጣ» ብሎ ጎብዬ ላይ መኪና እንደተሳፈረ ቀርቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። እህል ባለቀ ቁጥር እንድሪስ «እናትሽን ጠይቂያት እንጂ» ብሎ ወደ ሮቢት ይሸኛት ነበር፤ ስትመለስ ጎታው ሞልቶ ይጠብቃታል። እናቷን እንደ ዘሀራ የምትጠይቅ ልጅ በአገሩ አልነበረችም።

ዘንድሮ ታዲያ ጉድጓድ የሚገባለት ወንድሙ ለውትድርና ተወሰደ። የእንድሪስ እግር አይታጠፍም። ሌላ ሰው እንዳይጠራ ሰው አፍ አለው፤ ቀበሌ ደግሞ ጆሮ። ቢጨንቀው ዘሀራን ይዟት ሄደ። እሷ እኔን አስከተለች። የት እንደሆነ አልነግራችሁም።

አፈሩን ዝቀን፣ ድንጋዩን አንስተን፣ የታፈነው አየር እስኪወጣ ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን። ከዚያ ዘሀራ ወገቧን በገመድ ታሰረችና ጨለማውን አየችው። ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺ ያዥልኝ» አለችኝ።

«ልጅ አዝያለሁ» አልኳት። ልጁን ማውረድ ይቻል ነበር። አላወረድኩም።

«ወላሂ እኔ እይዝሻለሁ» አለ እንድሪስ።

«የፊተኛውም እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር።»

«በዚህ እግሬ ደግሞ የት ልሄድብሽ ነው፣ አንቺ ሴት!»

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። እሱ የገመዱን ጫፍ በራሱ ወገብ ላይ ቋጠረው። ሞኝነት ነው፤ አጠገቡ የቆመው ግራር ላይ ማሰር ሲቻል በዚያ እግር! ብትወድቅ አብሯት መውደቁ ነው። ዘሀራ ቋጠሮውን አየችው፣ እሱን አየችው፣ «ቢስሚላህ» ብላ ወረደች።

«እንድሬ!» ይላል ጉድጓዱ።

«እ!»

«አለህ?»

«አለሁ!»

የማሽላው ቅርጫት በሞላ ቁጥር ትጠራዋለች፤ ሳይሞላም ትጠራዋለች። አቧራ ለብሳ ከወጣች በኋላ ገመዱን ለመፍታት አልቸኮለችም። እሱም አልቸኮለም። እኔ ወደ ልጄ ዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤትም መጥራቷን ቀጠለች። ከጓሮ፣ ከወፍጮ መንገድ፣ ከዱቄት አቧራ ውስጥ፤ «እንድሬ፣ አለህ?» ሰፈሩ እስኪሰለቸው ድረስ። ሰሞኑን ግን ድምፅዋ ጠፋ። ባለፈው እንድሪስ ደጃችን ቁጭ ብሎ ለባሌ ሲያማርር ሰማሁት፦ «ምን እንዳስቀየምኳት እንጃ። ቀኑን ሙሉ ብጠፋ ስሜን አታነሳም።»

ሄጄ ጠየቅኋት። ማሽላዋን እያበጠረች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ምን ብዬ ልጥራው? አለ አይደል እንዴ!» አለችኝ።

ወንድን ሲጠራጠሩት ይከፋዋል፤ ሲያምኑትም ይከፋዋል። ምን ይደረግ?